ለግራውንድሆግ፣ ለካዮቲና ለአጋዘን አንድ ጠመንጃ ይበቃኛል ወይ?

ባለፍየሉ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እስካሁን አንባቢ ብቻ ነበርኩ፣ ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባለቤቴ ጋር ቨርጂኒያ፣ ሼናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ 14 ኤከር መሬት ከገዛን ሁለት ዓመት ሆነን። በሥራ ቀን ዲሲ አካባቢ ነን፣ ቅዳሜና እሁድ እዚያ እንውላለን። ሠላሳ ምናምን ፍየል አለን፣ ለገናና ለፋሲካ ወገን ይገዛናል። በሳምንቱ መሀል አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ጎረቤታችን ያይልናል። ጎመንና ቃሪያም ተክለናል።

ሦስት ጠላት አለብን። አንዱ ግራውንድሆግ ነው፣ ለማያውቀው የደለበ ሽኮኮ በሉት። ጎመኑን እስከ ግንዱ ይግጠዋል፣ ደግሞ ጋጣው ሥር ይቆፍራል። ባለፈው ወር አንዷ እናት ፍየል ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ እግሯ ተሰበረ። ሁለተኛው ካዮቲ ነው፣ ቀበሮ የሚመስል የዱር ውሻ። ዘንድሮ ብቻ አራት ግልገል በልቶብናል። ሦስተኛው አጋዘን። እሱን እንኳ ጠላት ማለት ይከብዳል፤ ቃሪያዬን ይበላል፣ እኔም እሱን ብበላው ደስ ይለኛል።

የምፈልገው አንድ ጠመንጃ ብቻ ነው። በሕይወቴ የተኮስኩት አንድ ጊዜ ነው፣ ልጅ ሆኜ አገር ቤት በአጎቴ ምንሽር። ትከሻዬ ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ነበር። በጀቴ ከነስኮፑ፣ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ ማለቴ ነው፣ 900 ዶላር ገደማ ነው። አንድ የመሣሪያ ሱቅ ስገባ ልጁ ".223 ውሰድ፣ ለሁሉም ይሆናል" አለኝ። ሌላ ሱቅ ስሄድ ደግሞ 6.5 ክሪድሞር የሚባል ሌላ የጥይት ልክ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ገጠመኝ። ባለቤቴም መተኮስ መማር ትፈልጋለች። ሜዳችን ከጫፍ እስከ ጫፍ 180 ያርድ ነው፣ ከዚያ በላይ የምተኩስበት ቦታ የለኝም። ምን ትሉኛላችሁ?

የቀድሞው ዘብ፦

.308 ግዛ፣ ነገሩን ዝጋ። ከ1952 ጀምሮ ያለ ካሊበር (የጥይት ልክ) ነው፣ ጥይቱ የትም ሱቅ አለ። 150 ግሬይን (የአረር ክብደት መለኪያ) የሚመዝነው ከአፈሙዝ ሲወጣ ወደ 2,800 ፉት በሰከንድ ይሄዳል። አጋዘን ቀርቶ ድብ ቢመጣብህ አያሳፍርህም። እኔ ወታደር ቤት የያዝኩት ሁሉ ሠላሳ ካሊበር ነው፣ ከዚያ ያነሰውን መሣሪያ ለማለት ይከብደኛል። ምቱ ይለመዳል።

ጋሼ ኢላማ፦

ዘቡ ወንድማችን ጎመን የሚበላ ግራውንድሆግ በ.308 ሲመታ ምን እንደሚቀር አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ለማንኛውም ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ጡረታ ላይ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። እዚህ ስቴት ማደን ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል።

በመጀመሪያ .223 ለሁሉም ይሆናል ያለህ ልጅ አሳስቶሃል። አይገድልም ማለቴ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ አጋዘን የሚታደንበት ጠመንጃ ካሊበሩ .23 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የ.223 አረር ስፋቱ .224 ኢንች ነው። በስድስት ሺኛ ኢንች ወደቀ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን የዱር እንስሳት ፖሊሱ ሲያገኝህ ትንሽ አይደለችም። ቴክሳስ ብትሆን ኖሮ ሴንተርፋየር፣ ማለትም ቀለሁ ከኋላ መሀሉ ላይ የሚመታ፣ እስከሆነ ድረስ .223 ይዘህ መውጣት ትችል ነበር። ኦሃዮ ብትሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እዚያ ቀለሁ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ፣ ከ.357 እስከ .50 ያለ ጠመንጃ ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ ከካሊበር በፊት ስቴትህን ጠይቅ፣ ከስቴትህም ካውንቲህን። አንዳንድ ካውንቲ ጠመንጃ ጨርሶ ይከለክላል፣ አንዳንዱ ከመሬት ከፍ ያለ ማማ ላይ ካልወጣህ አትተኩስ ይላል። ስልክ ደውለህ አረጋግጥ፣ የሱቅ ልጅ ወሬ ይዘህ አትውጣ።

አሁን ወደ ጠላቶችህ። እዚህ ያለው እንስት አጋዘን በቁሙ ከ45 እስከ 60 ኪሎ ነው፣ ከደህና ሙክት ብዙም አይበልጥም። በ180 ያርድ ይህን ለመጣል መድፍ አያስፈልግህም። .243 ዊንቸስተር ይበቃሃል። በ1955 የ.308ን ቀለህ አንገቱን አጥብበው የሠሩት ነው። 100 ግሬይን አረር በሰከንድ 2,960 ፉት ይሄዳል፣ ከአፈሙዝ ሲወጣ ኃይሉ 1,900 ፉት ፓውንድ ይሻገራል። 100 ያርድ ላይ አንድ ተኩል ኢንች ከፍ ብሎ እንዲመታ አድርገህ ብታስተካክለው፣ እስከ ሜዳህ ጫፍ ድረስ ሳንባው ላይ ማነጣጠር ብቻ ነው፣ ስሌት የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለ። .243ን ሲሸጡልህ "ሁለት በአንድ ነው፣ 58 ግሬይን ከገባበት ለተባይ፣ 100 ግሬይን ከገባበት ለአጋዘን" ይሉሃል። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት። ሁለቱ ጥይቶች አንድ ቦታ አይመቱም። በአንዱ ያስተካከልከው ስኮፕ ለሌላው ይዋሻል፣ ከፍ ሊል ዝቅ ሊል ወደ ጎንም ሊሄድ ይችላል፣ ጠመንጃው ራሱ ነው የሚወስነው። ቅዳሜ ጠዋት የካዮቲ ጥይት አስገብተህ ከሰዓት አጋዘን ከመጣ ምን ልታደርግ ነው? የባሰው ደግሞ ቀላሉ አረር ለትንሽ እንስሳ የተሠራ ስለሆነ ቆዳ እንደነካ ይበታተናል። የአጋዘን ትከሻ ላይ ካረፈ ቁስል ይሆንና እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባል። እኔ አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ ማታ እስከ አራት ሰዓት በባትሪ ፈልጌ አጣሁት። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

እናም ምክሬ፣ .243 ግዛና አንድ ጥይት ብቻ ምረጥለት። ከ90 እስከ 100 ግሬይን ያለ የአጋዘን ጥይት። ካዮቲውንም በዚያው። ቆዳውን ልትሸጥ ካልሆነ ካዮቲ በየትኛው አረር እንደሞተ አይጠይቅህም።

ግራውንድሆጉ ግን የ.243 ሥራ አይደለም። እሱ ጋጣ ሥር ነው ያለው፣ አንተም ከአርባ ያርድ ነው የምታየው። ለዚያ .22 ኤል አር ያዝ። ትንሿን፣ ጠርዟ ላይ የምትመታዋን። ሃምሳ ጥይት ከአምስት ስድስት ዶላር ብዙም አይበልጥም። ፍየሎቹም በድምፁ አይደነግጡም። ጭንቅላቱን መታው፣ አለቀ። ይኸውልህ፣ አንድ ጠመንጃ ጠየቅከኝ፣ ሁለት አልኩህ። ርካሽ ቦልት (በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮስ) .22 ከ200 እስከ 300 ዶላር ታገኛለህ፣ ከነስኮፑ የሚሸጥ .243 ደግሞ 500 አካባቢ። ብር ይተርፍሃል ባልልም በጀትህን አያልፍም።

አንድ ነገር ልጨምር። .22 ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት። የጥይቱ ካርቶን ላይ እንደተጻፈው እስከ አንድ ማይል ተኩል ትሄዳለች። ሸለቆው ደግሞ የኖራ ድንጋይ አገር ነው፣ መሬቱ በድንጋይ የተሞላ ነው። ጠንካራ እርሳስ ድንጋይ ሲነካ ወዴት እንደሚነጥር እግዜር ነው የሚያውቀው። አፉ ባዶ የሆነውን፣ ሆሎው ፖይንት የሚሉትን ተጠቀም። ሁልጊዜ ከእንስሳው ጀርባ አፈር ወይም ዳገት ይኑር። ከሌለ ተወው፣ ግራውንድሆጉ ነገም ይመጣል።

ባለፍየሉ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ሁሉ ይጽፉልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። 6.5 ክሪድሞርስ? ሰዉ ሁሉ እሱን ነው የሚያወራው።

ጋሼ ኢላማ፦

መጥፎ አይደለም። በ2007 የወጣ ነው፣ ሩቅ ለሚተኩስ ሰው የተሠራ። ነፋስ እንደሌሎቹ አያወላግደውም። አንተ 180 ያርድ ሜዳ ላይ ምን ነፋስ ነው የምታሸንፈው? ወደፊት ኮሎራዶ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ላድን ካልክ ያኔ እናወራለን።

የዴንቨሯ፦

ኮሎራዶ ሲባል ሰማሁና ገባሁ 😄

እኔ 55 ኪሎ ሴት ነኝ። የጀመርኩት ባለቤቴ በገዛው .308 ነው። ሦስት ጥይት ከተኮስኩ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር ምላጩን የምስበው። እውነቴን ነው። ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ሜዳ) ላይ ያለው አሰልጣኝ ሳይነግረኝ ባዶ ቀለህ አስገባብኝ፣ ምላጩን ስስብ አፈሙዙ ወደ ታች ሲደፋ ሁላችንም አየን። ጥይት ሳይኖር እኔ ምቱን ፈርቼ እየበረገግኩ ነበር። ዘቡ "ይለመዳል" ያለው ነገር እንዲህ ሆኖ ነው የሚለመደው፣ መጥፎ ልማድ ሆኖ። ወደ .243 ስቀይር ምቱ የ.308ን ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በዚያው ሳምንት 100 ያርድ ላይ ሦስት ጥይት በአንድ መዳፍ ውስጥ አሳረፍኩ። ባለቤትህ ከሆነች የምትማረው በ.22 ይጀምሩ፣ ሁለት ሦስት መቶ ጥይት ትተኩስ፣ ከዚያ .243ን ትንካ። ጆሮ መከላከያም ለሁለታችሁ፣ ለ.22ም ቢሆን።

እዚህ ኮሎራዶ ሕጉ ከእናንተ ትንሽ ይጠብቃል። ለአጋዘን ቢያንስ .24 ካሊበር፣ አረሩ ቢያንስ 70 ግሬይን፣ 100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት ፓውንድ ኃይል የቀረው መሆን አለበት። .243 ይህንን ያልፋል።

ሌላው፣ ልጆች ካሏችሁና ሥጋውን የምትበሉት ከሆነ የመዳብ አረር አስቡበት። እርሳሱ ሲመታ ይፈረፍራል፣ ፍርፋሪው ደግሞ ከቁስሉ ራቅ ብሎ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ በዓይን አይታይም። ካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ በእርሳስ ማደን ከልክላለች። መዳቡ ወደድ ይላል፣ በዓመት ሁለት ካርቶን ለምትጨርሱት ግን ምንም አይደል። በ.243 ከ80 እስከ 85 ግሬይን የሆነውን መዳብ ፈልጉ፣ ስለማይፈረካከስ ቀለል ቢልም ይሠራል።

ከሊድስ፦

ከእንግሊዝ ነኝ፣ እዚህ .243 ለምን እንደሚወደድ ልንገራችሁ። ሕጉ ነው ያስወደደው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ለአጋዘን ቢያንስ .240 ካሊበርና 1,700 ፉት ፓውንድ ይጠየቃል። .243 ልክ በሩን አልፎ ይቆማል። ለትንንሾቹ፣ ለሙንትጃክና ለቻይና የውሃ አጋዘን ብቻ ነው ከ2007 ወዲህ .22 ሴንተርፋየር የተፈቀደው፣ እሱም አረሩ ከ50 ግሬይን ካላነሰና 1,000 ፉት ፓውንድ ካለው። ሙንትጃክ ያላየ ሰው ሚዳቋን ያስብ፣ ቁመቱ ከጉልበት ብዙ አያልፍም።

እናንተ ሱቅ ገብታችሁ ትገዛላችሁ። እኛ ፖሊስ ነው ካሊበሩን ፈርሞ የሚፈቅድልን፣ የትኛው እንስሳ፣ የማን መሬት ላይ፣ ለምን ምክንያት ብሎ። ፈቃዴን ለማግኘት ወራት ጠበቅኩ። በአንድ በኩል ያናድዳል፣ በሌላ በኩል ግን ከመግዛቴ በፊት ምን እንደምፈልግ እንዳስብ አስገድዶኛል።

የቀድሞው ዘብ፦

እሺ ተሸነፍኩ፣ ለሚስት .243 ይሁን 🙂 ግን ማንም ያላነሳው ነገር። ካዮቲ ሌሊት ነው የሚመጣው፣ አንተ ደግሞ በሥራ ቀን ዲሲ ነህ። ጠመንጃው ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ግልገልህ ይበላል። ከጠመንጃ በፊት ውሻ ግዛ። ግሬት ፒረኒስ የሚባል ነጭ ትልቅ ውሻ አለ፣ ከፍየሎቹ ጋር ያድራል፣ እንደ ወንድሞቹ ነው የሚያያቸው። ኤሌክትሪክ ያለው የመረብ አጥርም ጨምርበት። እኔ አገር ቤት የጥበቃ ሥራ ሠርቼ የተማርኩት ቢኖር ያልነቃ ዘበኛ መሣሪያው ቢያምርም ዋጋ እንደሌለው ነው።

ጋሼ ኢላማ፦

ይህችን ይዘህ ነው እስካሁን .308 ስትል የነበረው? እስማማለሁ፣ በትክክል።

ባለፍየሉ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ውሻውን አላሰብኩበትም ነበር፣ ባለቤቴ ግን ስነግራት "እኔ ካቻምና ብዬህ ነበር" አለችኝ፣ ብላም ነበር።

ሦስት ጥያቄ ልጨምር፣ ይቅርታ አበዛሁባችሁ። አንድ፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ችግር አለው? ሁለት፣ በራሴ መሬት ፈቃድ ያስፈልገኛል? ሦስት፣ ይህ ሞኝ ጥያቄ ሊመስል ይችላል፣ የአጋዘን ክትፎ የበላ አለ?

ጋሼ ኢላማ፦

አንድ፣ ግሪን ካርድ ካለህ ትገዛለህ። ፎርሙን ሞልተህ ባክግራውንድ ቼኩን ታልፋለህ። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ነው የሚከለከለው፣ ለእሱም የአደን ፈቃድ ካለው የሚፈቀድበት መንገድ አለ፣ ግን ያ የጠበቃ ጉዳይ ነው። ፎርሙ ላይ አትዋሽ፣ አትገምት። መዋሸት ብቻውን ወንጀል ነው።

ሁለት፣ በራስህ መሬት ለምታድነው አንተም ባለቤትህም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። ቅዳሜ የሚመጣ ጓደኛህ ግን ያስፈልገዋል። የገደልከውን አጋዘን በስልክ ወይም በመተግበሪያ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፣ መሬቱ የአባትህ ርስት ቢሆንም። በወቅቱ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ ልበስ። ግራውንድሆግና ካዮቲ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። ፈቃድ ባያስፈልግህም የአዳኞችን ኮርስ ውሰዱ፣ ሁለታችሁም። አጥር ስትዘል ጠመንጃ እንዴት እንደሚያዝ እኔ ከኮርሱ ነው የተማርኩት።

ሦስተኛውን ለዴንቨሯ ትቻለሁ።

የዴንቨሯ፦

ጥሬ እንዳትበላ!! በናትህ። የዱር እንስሳ ነው፣ ማንም ሐኪም አላየውም። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ አለ፣ ሌላም አለ። ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬዋለሁ ማለት በስሏል ማለት አይደለም። በዚያ ላይ በእናንተ ሸለቆ ሰሜኑ ክፍል አጋዘን የሚያከሳ የአንጎል በሽታ አለ፣ ክሮኒክ ዌስቲንግ የሚሉት። ቨርጂኒያ ውስጥ የተረጋገጠው በ2010 ነው። ሰው ላይ መተላለፉ እስካሁን አልታየም፣ ነገር ግን የተያዘን እንስሳ ሥጋ አትብሉ ነው የሚባለው። ይህኛው ደግሞ በማብሰልም አይጠፋም። ጭንቅላቱን ለምርመራ ስጥ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ።

ሲመጣ ደግሞ ጥብስ ሥራው፣ ግን ቅቤ አትቆጥብ። ስብ የሚባል የለውም፣ እንደ በሬ ሥጋ ካቃጠልከው ጫማ ይሆናል። ቋንጣ ግን! ስብ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል፣ አይሻግትም። እናቴ ባለፈው ዓመት መጥታ ቀምሳ "ይሄ የምን በሬ ነው?" አለችኝ። ነገርኳት፣ ትንሽ ዝም አለችና ደገመች።

ከሊድስ፦

ጾሙንስ አስባችኋል? 😂

የዴንቨሯ፦

ኧረ እውነት! ቨርጂኒያ የጠመንጃው ወቅት ኖቬምበር አጋማሽ ነው አይደል የሚከፈተው? ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፣ ኖቬምበር 24 ማለት ነው። መመገቢያ ሳምንት ገደማ ነው ያለህ። ያው ቋንጣው እስከ ገና ይቆይ።

ባለፍየሉ፦

መልስ ይዤ ተመለስኩ፣ አንድ ወር ሆነ። ካውንቲው ጋ ደወልኩ፣ ጠመንጃ ይፈቀዳል። .22 ቦልት አክሽንና .243 ገዛሁ፣ ሁለተኛው ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያቀርብ ስኮፕ ተገጥሞበት የሚሸጥ ነው። ከነካዝናው 1,060 ሆነ፣ መቆለፊያ ሣጥኑን በበጀቴ አልቆጠርኩትም ነበር። ለ.243ው አንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ነው የያዝኩት፣ 100 ግሬይን። ጋሼ እንዳሉት አንድ ተኩል ኢንች ከፍ አደረግኩት።

ባለቤቴ በ.22 ሁለት ግራውንድሆግ ጣለች። እኔ ምንም። የመጀመሪያውን ስቼው ድንጋይ መትቼ ፉጨቱን ሰማሁ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ከዚያ ወዲህ ጀርባው ዳገት ከሌለ አልተኩስም።

ውሻዋ መጣች፣ አምስት ወሯ ነው። ካዮቲውን ገና አታባርርም፣ ግን ከፍየሎቹ ጋር ትተኛለች። አንዷ ፍየል ትወጋታለች። ይሄ ይለምዳል ወይስ መለየት አለብኝ?

የቀድሞው ዘብ፦

ጠብቅ። ወንድሞቿ ናቸው፣ ይጣላሉ። ዓመት ከሞላት በኋላ ፍየሏ ናት የምትፈራት። እስከዚያ ግን ስትወጋት የምትሸሽበት ጥግ አብጅላት፣ ፍየል የማይገባበት።